ከጀግናው ሞት በኋላ

«ክፍል ሁለት ወጣ» በተባለ ቁጥር ሁላችንም የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ይሆን? ሲሰሙት ቀላል ጥያቄ ነው። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ውስጡ ሁለት የማይታረቁ ምኞቶች ተቃቅፈው ይገኛሉ። የወደድነው ነገር እንዲደገምልን እንሻለን፤ ሲደገምልን «ያንኑ አይደል እንዴ ያሳዩን!» እንላለን። አዲስ ነገር እንዲመጣ እንሻለን፤ ሲመጣ «ይሄማ ያ ፊልም አይደለም» ብለን እንገፋዋለን። በሁለት ሕግ የሚፈርድ ዳኛ ፊት የቆመ ተከሳሽ በአንዱ ነጻ ቢወጣ በሌላው መያዙ አይቀርም። ፊልሙ በጥንት ዘመን በእውን የነበሩ ሰዎችን የሚተርክ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ሕግ ይጨመራል፤ በእርግጥ የሆነው ነገር። እንዲህ ያለው ክፍል ሁለት ሁለት ወላጆች አሉት፤ አንዱ ከእሱ በፊት የተሠራው ፊልም ነው፣ ሌላው ከሁለቱም ፊልሞች በፊት የነበረው ታሪክ። ሁለቱ ወላጆች ባይስማሙስ? ለየትኛው ይታዘዝ? እኛስ በየትኛው ሚዛን እንመዝነው?

ይህን ጥያቄ የጫረብኝ ሪድሊ ስኮት በ2024 ያወጣው «ግላዲያተር 2» ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይኸው ዳይሬክተር በ2000 ያቀረበው የመጀመሪያው ፊልም ምርጥ ፊልምንና ምርጥ ተዋናይን ጨምሮ አምስት ኦስካር አስገኝቷል። ታሪኩን የማያስታውስ ጥቂት ነው። ራስል ክሮው የተጫወተው ጄኔራል ማክሲመስ ሚስቱንና ልጁን ይነጠቃል፣ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል፣ ግላዲያተር ሆኖ ሮም ይገባል፣ ንጉሠ ነገሥት ኮሞደስን በኮሎሲየም አሸዋ ላይ ገድሎ እዚያው ይሞታል። በሁለተኛው ፊልም የኮሞደስ እኅት የሉሲላ ልጅ ሉሲየስ አድጎ፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ በሐሰት ስም ሲኖር የሮም ጦር ይመጣበታል። ሚስቱ ትገደላለች፣ እሱ ይማረካል፣ ማክሪነስ የሚባል ብልህ ነጋዴ ይገዛዋል፣ እሱም ግላዲያተር ሆኖ ሮም ይገባል። መንገዱ የቀደመው መንገድ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው አይቶታል። እኔን የያዘኝ ግን ከመንገዱ ይልቅ መነሻው ነው።

መነሻውን ለማየት ፍጻሜ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አርስቶትል ስለ ቅኔና ድራማ ባዘጋጀው ድርሳኑ ፍጻሜን ሲበይን፣ ከሌላ ነገር ቀጥሎ የሚመጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ ግን ምንም የማይመጣ ነገር መሆኑን ያስረዳል። ይህ ብያኔ ተውኔት ላይ ይሠራል፤ ኑሮ ላይ ግን አይሠራም። በኑሮ ከምንም ነገር በኋላ የሚከተል አይጠፋም። ሰው ይሞታል፣ ሠልስቱ ይወጣል፣ ርስቱ ይከፈላል፣ ዕዳው ይጠየቃል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፣ ጠላቶቹ ያረጃሉ። ፍጻሜ እንግዲህ ተራኪ ብቻ ሊሰጠን የሚችል ስጦታ ነው፤ ታሪክ እንዲህ ያለ ስጦታ የለውም። ማክሲመስ አሸዋው ላይ ሲወድቅ፣ ሥልጣኑ ወደ ሴኔት እንዲመለስ ሲናዘዝ፣ ሬሳውን ወታደሮችና ሴናተሮች በክብር ሲያነሱት እንባችን የመጣው በሐዘን ብቻ አልነበረም። ሞቱ ዋጋ አግኝቶ ስላየን ነው። በእውን ግን ኮሞደስ የሞተው በ192 የመጨረሻ ቀን፣ ናርሲሰስ በተባለ ታጋይ ታንቆ ነው። ከእሱ በኋላ ዙፋኑን የያዘው ፐርቲናክስ ሦስት ወር ሳይሞላው በክብር ዘቦች ተገደለ፤ ዘቦቹም ዙፋኑን ጨረታ አውጥተው ዲዲየስ ዩሊያነስ ለሚባል ባለጸጋ ሸጡት። የኮሞደስ ሞት ሮምን ለማንም አልመለሰም። የመጀመሪያው ፊልም ይህን አላሳየንም፤ ሊያሳየንም አይገባም ነበር። ገጣሚ የሆነውን ሁሉ የመንገር ግዴታ የለበትም፤ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅ ሙያው ነው።

ሁለተኛው ፊልም ታዲያ ዝምታውን ሰብሮ ይጀምራል። ማርከስ ኦሬሊየስ ከሞተ 16 ዓመት ሆኖታል፤ ለሮም የነበረው ሕልም ተረስቷል፤ ዙፋኑ ላይ ካራካላና ጊታ የሚባሉ ሁለት ጨካኝ ወንድማማቾች ተቀምጠዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ቆም ብለን እናስበው። ማክሲመስ ሞቶ ያተረፈው ነገር የለም እየተባልን ነው። ያ ሁሉ እንባ፣ ያ ሁሉ ኑዛዜ ሁለት ክፉ ሰዎችን በአንድ ክፉ ሰው ቦታ ከመተካት አላለፈም። ይህ ለመጀመሪያው ፊልም ወዳጅ ስድብ ይመስላል፤ ብዙዎችንም ያስቀየመው ይኸው ነው። ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቁ እውነት እዚህ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ክፍል ሁለት ከአንዱ ወላጁ ተጣልቶ ከሌላው ታርቋል፤ የመጀመሪያውን ፊልም በካደ መጠን ለታሪክ ታምኗል። ክፍል ሁለት በባሕርዩ የፍጻሜ ጠላት ነው፤ «አልቋል» የተባለውን «አላለቀም» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚለው ለገበያ ሲል ነው። በጥንት ታሪክ ላይ በተመሠረተ ፊልም ግን «አላለቀም» ማለት እውነት መናገር ሊሆን ይችላል፤ አምባገነን በሞተ ማግስት ሕዝብ ነጻ እንደማይወጣ፣ ለነጻነት የሞተ ሰው ሞቱ ብቻውን ምንም እንደማይሠራ መናገር ሊሆን ይችላል። ይህን ለመስማት የደፈረ ተመልካች ባይኖር እንኳ ይህን ለመናገር የደፈረ ፊልም መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሚዛኔን እዚህ ላይ አስቀመጥሁ፤ ክፍል ሁለት የሚለካው የወረሰውን ፍጻሜ ከፍቶ ውስጡ ባገኘው ነገር ምን እንዳደረገ ነው።

አንባቢ «ስለ ስሕተቶቹስ?» ሊለኝ ይችላል። የታሪክ ሰዎች ፊልሙን በዋናነት የወቀሱት በእነሱ ነውና። ውሃ በሞላው ኮሎሲየም ውስጥ ሻርኮች ይዋኛሉ፤ ጋዜጣ የሚያነብ ሮማዊ ይታያል፤ ከ240 ዓመት በላይ የሮም ግዛት ሆና የኖረችው ኑሚዲያ ገና እንደምትወረር ነጻ አገር ቀርባለች። ስሕተት ሁሉ ግን አንድ ክብደት የለውም። ኮሎሲየም በ80 ሲመረቅ ሜዳው በውሃ ተሞልቶ ትርኢት እንደታየበት የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል፤ አውራሪስም ለእውነት ወደዚያ ሜዳ ገብቷል። ሻርኩ ብቻ ተጨመረ። የጨመረው ሰው ግን ሮማውያንን አልበደላቸውም፤ ሻርክ ማግኘት ቢችሉ ኖሮ ከማስገባት ወደኋላ የሚሉ ሰዎች አልነበሩም። የሮም እውነተኛ ታሪክ ከፊልም ሰሪ ምናብ እንደሚበልጥ ለማየት የሴናተሩን የካሲየስ ዲዮን ምስክርነት ማንበብ ይበቃል። ኮሞደስ አንድ ቀን በሜዳው ላይ ሰጎን ይገድልና አንገቷን ቆርጦ ሴናተሮቹ ወደተቀመጡበት ይመጣል። በግራ እጁ የሰጎኗን ጭንቅላት፣ በቀኝ እጁ የደም ሰይፉን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ የእናንተም እንዲሁ ይሆናል ማለቱ ነው። ዲዮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። የመጣበት ስሜት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ሳቅም መጣበት። ቢስቅ አንገቱ እንደሚሄድ ስላወቀ ራሱ ላይ ካጠለቀው ጉንጉን የሎሬል ቅጠል እየነጨ ማኘክ ጀመረ፤ አጠገቡ ያሉትንም እንዲሁ እንዲያደርጉ መከራቸው። ሳቅና ሞት በአንድ አፍ ውስጥ በአንድ ቅጠል ሲታኘኩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም። በአዲሱ ፊልም ካራካላ ዝንጀሮውን ቆንስል አድርጎ ሲሾም አዳራሹ ይስቃል፤ እኛም አብረን እንስቃለን፤ ቅጠል ግን አናኝክም። እውነተኛው ስሕተት ለእኔ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ፍርሃቱ ከሳቁ በተለየበት ቦታ።

ከዚህ የከበደም አለ። ካራካላና ጊታ የሴፕቲሚየስ ሴቨረስ ልጆች ነበሩ። አባታቸው ዛሬ ሊቢያ በምንላት አገር በሌፕቲስ ማግና የተወለደ አፍሪካዊ ነው፤ እናታቸው ዩሊያ ዶምና የሶርያ ሴት ናት። ፊልሙ አባቱንም እናቱንም ዘሎ ልጆቹን ብቻ ያቀርባል። አባቱን መዝለሉ ለትረካው ፍጥነት ሊሆን ይችላል፤ የእናቲቱ መቅረት ግን የጎዳው ፊልሙን ራሱን ነው። በ211 መጨረሻ ካራካላ «እንታረቅ» ብሎ ወንድሙን እናታቸው ክፍል አስጠራው። ጊታ ሲገባ የተዘጋጁ መኮንኖች ዘለው ያዙት፤ ሮጦ እናቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ፣ እቅፏ ውስጥ ሞተ። ዲዮ እንደጻፈው እሷ በልጇ ደም ተሸፍና እጇ ላይ የደረሰባትን ቁስል እንኳ ልብ አላለችውም። ከዚያም ማልቀስ ተከለከለች። ደስ እንዳላት፣ መልካም ነገር እንዳገኘች ሆና እንድትስቅ ተገደደች፤ ልጇን የገደለው ሌላው ልጇ ይሰልላታልና። በሮም ታሪክ ከዚህች ሴት ፊት የበለጠ ለካሜራ የተገባ ፊት አላውቅም። ለሐዘኗ ድንኳን ያልተተከለላት፣ ለቅሶ ደራሽ ያልመጣላት እናት ማለት ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያለ አስረጂ ይገባዋል። ፊልሙ የሁለቱን ወንድማማቾች መጨራረስ የማክሪነስ ተንኮል አድርጎ በጥድፊያ ያልፈዋል። የቀደመውን ፊልም መንገድ ለመድገም ሲጣደፍ ከሌላው ወላጁ የተላከለትን ትልቅ ውርስ ሳይቀበል ቀረ።

በርሊን ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የተገኘ አንድ ክብ የእንጨት ሥዕል አለ። የተሣለው በ200 ገደማ ነው፤ ፊልሙ በሚተርክበት ዘመን ማለት ነው። ሽበታም ጢሙን ያንዠረገገው ሴቨረስ፣ ዕንቁ ያጠለቀችው ዩሊያ ዶምና፣ ከሥራቸው ሁለቱ ልጆች ዘውድ ደፍተው ቆመዋል። ከልጆቹ የአንደኛው ፊት ግን የለም፤ ተፍቋል። የጊታ ነው። ካራካላ ወንድሙን ካስገደለ በኋላ ስሙ ከድንጋይ፣ ፊቱ ከሥዕል እንዲጠፋ አዘዘ። ያ የተፋቀ ቦታ ስለ ክፍል ሁለት አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ በኋላ የመጣ ሰው በፊት የተሣለውን ሥዕል የመንካት ሥልጣን እንዳለው። በመጀመሪያው ፊልም በጀርመን ጫካ፣ በብርዱ ውስጥ፣ ማክሲመስና ሉሲላ ብቻቸውን ቆመው ያወራሉ። እሷ ስምንት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ እንዳላት ትነግረዋለች፤ እሱም ስምንት ሊሞላው የደረሰ ልጅ እንዳለው ይነግራታል። የጥንት ፍቅራቸው የደበዘዘ፣ እሱ ለሚስቱ የታመነ፣ እሷ ያንን የምታከብር ሰዎች ናቸው። ማክሲመስ እስከ መጨረሻው የሚናፍቀው በሩ ላይ የሚጠብቁትን ሚስቱንና ልጁን ነው፤ ፊልሙ በሙሉ የቆመው በዚህ ናፍቆት ላይ ነው። ሁለተኛው ፊልም መጥቶ የሉሲላ ልጅ የማክሲመስ ልጅ ነው አለን። ይህን ያኔም የጠረጠሩ ተመልካቾች ነበሩ፤ ጥርጣሬ ግን ጥርጣሬ ሆኖ ሲቀር ያምራል። አሁን እርግጥ ከሆነ ወዲህ ያንን የጫካ ንግግር እንደ ቀድሞው ልናየው አንችልም። ሁለት እኩያ ልጆች የአንድ አባት ሆነው፣ አባትየው የአንዱን ብቻ ሲያነሳ እንሰማዋለን። ያቺ የማናውቃት፣ በስንዴው ማሳ ማዶ የምትጠብቅ ሚስት ፊቷ ተፍቋል። ክፍል ሁለትን በራሱ ብቻ ልንዳኘው የማንችለው ለዚህ ነው። መደርደሪያ ላይ ከመጀመሪያው አጠገብ ቆሞ ዝም አይልም፤ ወደኋላ ተመልሶ ይጽፋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስጨንቀኝ ነጥብ ልምጣ። የሁለቱም ፊልሞች ልብ «የሮም ሕልም» የሚሉት ነገር ነው፤ ለብዙዎች የምትሆን፣ ለተቸገረ መጠለያ የምትሆን ከተማ። ፊልሞቹ ይህን ሕልም በደጎቹ አፍ ላይ ያደርጉታል፤ በማርከስ ኦሬሊየስ፣ በማክሲመስ፣ በሉሲየስ። በታሪክ ግን በሮም ግዛት ውስጥ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ ከብሪታንያ እስከ ሶርያ፣ ዜግነት የሰጠ ዐዋጅ የወጣው በ212 ነው። ያወጀው ማን ነው? ካራካላ። ወንድሙን በእናቱ እቅፍ ካስገደለ ብዙም ሳይቆይ። ዲዮ ዐላማው ግብር መሰብሰብ እንደነበር ይነግረናል፤ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ዐዋጁ ታወጀ፤ ቀድሞ ባዕድ ይባል የነበረ የግብፅ ገበሬ የሮም ዜጋ ተባለ። እንግዲህ የደጎቹ ሕልም በክፉው እጅ፣ ምናልባትም በክፉ ምክንያት ተፈጸመ ማለት ነው። ይህን ምን እንበለው? መልካም ሥራ የሠሪውን እጅ ያነጻል? ወይስ የቆሸሸ እጅ የሰጠው መልካም ነገር መልካምነቱ ይጎድላል? ዜግነት ያገኘው ገበሬ የጊታን ደም ሊያስብ ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል መልስ የለውም፤ እኔም መልሱን አልያዝሁም። ነገር ግን በጥንት ዘመን ላይ ፊልም መሥራት ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሳት ይመስለኛል። ፊልሙ ካራካላን እብድ ብቻ አድርጎ ሲተወው ከዚህ ጥያቄ አሳረፈን። እብድ ሊፈረድበት አይችልም፤ እብድን ያየ ተመልካችም ራሱን አይጠይቅም።

ይህን ያህል ከፊልም መጠበቅ ማብዛት ነው የሚል ይኖራል። ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊዝናና ነው፤ ስኮትም ፈላስፋ ነኝ አላለም። ይህ ክርክር ከልብ ሊደመጥ ይገባዋል። ሆኖም ከፍጻሜ በኋላ ያለውን መተረክ ገና ድሮ የተቻለ ነገር ነው። ቨርጂል በሆሜር ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ያልወጣውን ኤንያስን አንስቶ፣ አባቱን በትከሻው አዝሎ ከምትቃጠለው ትሮይ አስወጣው፤ ሌላ አኪሊስ አላደረገውም፤ አገር የሌለው ሰው አደረገው። ዩሪፒዲስ ትሮይ ከወደቀች በኋላ ዕጣ እየተጣለባቸው ለባርነት የሚከፋፈሉትን ሴቶች መድረክ ላይ አቆመ፤ የተመለከቱት አቴናውያን ራሳቸው በቅርቡ ሜሎስ የተባለችውን ደሴት ይዘው ወንዶቹን ፈጅተው ሴቶቹን የሸጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ደራሲዎች የቀደመውን ጀግና አልደገሙም፤ የተረፈውን ሰው ተከተሉ። እኛስ ብንሆን? የቴዎድሮስን ታሪክ በተውኔትም በልብ ወለድም ስንተርክ መቅደላ ላይ፣ ሽጉጡ ላይ ማብቃት ይቀናናል። ታሪክ የጻፈው ክፍል ሁለት ግን ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት በ1868 የተወሰደ፣ እናቱን በመንገድ የቀበረ፣ በ18 ዓመቱ በ1879 እንግሊዝ ውስጥ ሞቶ በዊንድዘር የተቀበረ ልጅ። የአባቱን ሰይፍ አላነሳም፤ አባቱን አልተበቀለም። የጀግና ልጅ ኑሮ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ይህን የሚተርክ ሰው ከመቅደላው ተራኪ ያላነሰ ድፍረት ያስፈልገዋል።

የአውስትራሊያው ሙዚቀኛና ደራሲ ኒክ ኬቭ በክሮው ጥያቄ ለ«ግላዲያተር» ሌላ ክፍል ሁለት ጽፎ እንደነበር ይታወቃል፤ ሙቱ ማክሲመስ ከወዲያኛው ዓለም ተመልሶ ከዘመን ዘመን፣ ከጦርነት ጦርነት እየዞረ ሲዋጋ እስከ እኛ ጊዜ ይደርሳል። ያልተሠራበትን ምክንያት መገመት አያቅትም። ሆኖም በዚያ እንግዳ ሐሳብ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ጀግናው ዕረፍት አያገኝም፣ ሞቱ ምንም አይዘጋም።

የተሠራው ፊልም ግን ዘጋው። ሉሲየስ ማክሪነስን ይገድላል፣ በሁለት ሠራዊት መካከል ቆሞ ስለ አያቱ ሕልም ይናገራል፣ ወታደሮቹ ሰይፋቸውን ይመልሳሉ፣ ሮም እንደገና ልትድን ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ «ይህ ሕልም ተሞክሮ ከንቱ ቀርቷል» ብሎ የጀመረ ፊልም በመጨረሻው ደቂቃ ያንኑ ሕልም፣ በዚያው ቃል፣ እንዳልተሞከረ አድርጎ ሰጠን። ለምን አሁን ይሳካል? ምን ተለወጠ? ፊልሙ አይመልስም። የገባውን ቃል ያፈረሰው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከሰዎቹ ሁሉ የዴንዘል ዋሽንግተን ማክሪነስ ብቻ በልቤ የቀረው። እውነተኛው ማክሪነስ የሰሜን አፍሪካ ተወላጅ የሕግ ሰው ነበር፤ እንደ አገሩ ልማድ አንድ ጆሮው ተበስቶ እንደነበር ዲዮ ሳይቀር ጽፎታል፤ በ217 ካራካላ ሲገደል ሴናተር ሳይሆን ንጉሠ ነገሥት የሆነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ የገዛው 14 ወር ያህል ብቻ ነው። በፊልሙ ማክሪነስ የማርከስ ኦሬሊየስ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ያ ደግ ፈላስፋ ንጉሥ፣ የሕልሙ ባለቤት፣ ባሪያ ነበረው! ሕልሙን ከሥር ሆኖ ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህም አያምንበትም። ፊልሙ ይህን ሰው መልስ ሳይሰጠው ገደለው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ «ግላዲያተር 2» በሻርኮቹ ነጻ ነው፣ በጋዜጣውም ነጻ ነው፣ ከመጀመሪያው በማነሱም አልከስሰውም። የወደቀው በመክፈቻው የያዘውን እውነት በመዝጊያው በመጣሉ ነው። ስኮት ክፍል ሦስት ለመሥራት ሐሳብ እንዳለው በይፋ ተናግሯል። ከሠራው የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ግላዲያተር አያምጣልን። ሉሲየስን ከንግግሩ ማግስት ያሳየን፤ ደመወዝ የሚጠይቁ ወታደሮች በሩ ላይ ቆመው፣ የማክሪነስ ባሮች የማን እንደሆኑ መወሰን ሲኖርበት።